ለረጅም ዓመታት በጸና የአመጋገብ መታወክ የሚሠቃዩ ሰዎች የሥነ ልቦና ሕክምና

መግቢያ

በምግብ እጥረት የተጎዳን ሰው ለይቶ ማወቅ ለሀገራችን የጤና ባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም። የክንድ ዙሪያ መለካት፣ የእግር እብጠት መመርመርና አልሚ ምግብ ማዘዝ የዕለት ተዕለት ሥራው ነው። ይሁን እንጂ ምግብ በቤቱ ሞልቶ ሳለ ከማዕድ ፊት ተቀምጦ የሚራብ፣ ክብደቱ በቀነሰ መጠንም የበለጠ መቀነስ የሚሻ ሕመምተኛ ሲገጥመው ግራ መጋባቱ አይቀርም። ይህ ሁኔታ አምስት፣ ዐሥር ወይም ሃያ ዓመት የቆየ ሲሆን ደግሞ ግራ መጋባቱ ወደ ተስፋ መቁረጥ ያመራል። ሕመምተኛዋ «አልድንም» ትላለች፤ ቤተሰቧ ይሰለቻል፤ ባለሙያውም «መታከም አትፈልግም» ብሎ ይደመድማል።

የአመጋገብ መታወክ ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ከፍተኛ የሞት አደጋ ከሚያስከትሉት አንዱ ነው። 36 ጥናቶችን አጠቃልሎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ትንተና እንዳመለከተው፣ አኖሬክሲያ ኔርቮሳ ያለባቸው ሰዎች በዕድሜና በጾታ ከሚመስሏቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ከሞቱት መካከልም ከአምስቱ አንዱ ያህል ሕይወቱ ያለፈው ራሱን በማጥፋት ነው። በመሆኑም «መታከም አትፈልግም» የሚለው ድምዳሜ የሕይወት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕመሙ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ለምን ሥር እንደሚሰድ፣ የሥነ ልቦና ሕክምናው ዓላማና አካሄድ እንዴት እንደሚለወጥ፣ እንዲሁም የአእምሮ ሐኪም በቅርብ በማይገኝበት ቦታ የሚሠራ ባለሙያ ምን ማድረግ እንደሚችል ማብራራት ነው።

የሕመሙ ዓይነቶች በአጭሩ

አኖሬክሲያ ኔርቮሳ የሚባለው ሕመም ሦስት ዋና መገለጫዎች አሉት። እነርሱም ምግብን በመገደብ ለዕድሜና ለቁመት ከሚጠበቀው በእጅጉ ያነሰ ክብደት መያዝ፣ ክብደት እንዳይጨምር ብርቱ ፍርሃት ማደር ወይም ክብደት እንዳይጨምር የሚያደርግ ጠባይ ማዘውተር፣ እንዲሁም የራስን ሰውነት በተዛባ መንገድ ማየት ናቸው። ስያሜውን የሰጠው እንግሊዛዊው ሐኪም ሰር ዊልያም ገል ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ላሴግ ተመሳሳዩን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1873 ለብቻው ገልጾታል።

ቡሊሚያ ኔርቮሳን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር የገለጸው ጄራልድ ራስል ነው። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው ራሱን መቆጣጠር አቅቶት በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ምግብ ይበላል፤ ከዚያም በማስመለስ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት በመውሰድ፣ በመራብ ወይም ከመጠን በላይ በመንቀሳቀስ የበላውን ለማካካስ ይሞክራል። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ በመደበኛው መጠን ውስጥ ስለሚሆን ሕመሙ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል። ማካካሻ የሌለው፣ ከልክ በላይ የመብላት ሕመም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተመድቧል። ከዚህ ቀጥሎ በስፋት የሚብራራው ለረጅም ጊዜ የቆየ አኖሬክሲያ ሲሆን፣ አብዛኛው መርሕ ግን ለሌሎቹም ያገለግላል።

«የጸና» የሚባለው መቼ ነው?

በዚህ ላይ ሁሉም የተስማማበት ድንበር የለም። በብዙ ጥናቶች ውስጥ እንደ መለያ የተወሰደው ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ሕመም ነው። ሌሎች ደግሞ የዓመታቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን ተገቢ ሕክምና ተደጋግሞ ተሰጥቶ ለውጥ አለመገኘቱንና የዕለት ተዕለት ኑሮ መጎዳቱን ይጨምራሉ። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ዐሥር ዓመት የታመመች ነገር ግን አንድም ጊዜ ብቁ ሕክምና ያላገኘች ሴት «ሕክምና የማይሠራላት» ልትባል አይገባም፤ ያልተሞከረ ሕክምና አልሠራም ሊባል አይችልምና።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። የአንዲት የተለየች ታካሚ ታሪክ ሳይሆን ለማስረዳት ያህል የቀረበ ነው። ዕድሜዋ 36 የሆነ ሴት ሕመሙ የጀመራት በ16 ዓመቷ ነው። አራት ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ ታክማለች። በእያንዳንዱ ጊዜ ክብደቷ ተመልሶ ከወጣች በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ነበረበት ወርዷል። ትዳር አልያዘችም፤ ሥራዋን ትታለች፤ የሠርግና የልደት ጥሪ ሁሉ ምግብ ስላለበት ከዘመድ ርቃለች። የአጥንት መሳሳት ስላለባት በቀላል መውደቅ የእጅ አንጓዋ ተሰብሯል። አሁን ወደ ክሊኒክ የመጣችው ለአመጋገብዋ ሳይሆን እንቅልፍ እምቢ ስላላት ነው። ለዚህች ሴት ምን ዓይነት ሕክምና ይሰጣታል? ወደዚህ ጥያቄ ከመሄዳችን በፊት ሕመሙ ለምን እንደማይለቅ መረዳት ያስፈልጋል።

ሕመሙ ለምን ሥር ይሰዳል?

አንደኛው ምክንያት ረሃቡ ራሱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945፣ አንሰል ኪስ የተባለው ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤናማ ወንዶች በፈቃደኝነት የተሳተፉበት ጥናት አካሂዶ ነበር። ሰዎቹ ለ24 ሳምንታት ከሚያስፈልጋቸው ምግብ ግማሽ ያህሉን ብቻ እየበሉ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ቀድሞ አንዳች የአእምሮ ሕመም ያልነበረባቸው እነዚህ ሰዎች በምግብ ሐሳብ ተጠመዱ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ማንበብ ጀመሩ፤ አንዷን ቁራሽ ለረጅም ሰዓት እያመነዠኩ መብላት፣ ከጓደኛ መራቅ፣ ማዘንና መቆጣት ታየባቸው። ምግቡ ከተፈቀደላቸው በኋላም አንዳንዶቹ ራሳቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ከልክ በላይ በሉ። ከዚህ የምንማረው፣ በታካሚያችን ላይ የምናየው ግትርነትና ከሰው መራቅ በከፊል የጠባይዋ ሳይሆን የረሃቡ ውጤት መሆኑን ነው። ስለሆነም ያለ ምግብ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ብቻውን ሩቅ አይሄድም።

ሁለተኛው ምክንያት ሕመሙ ለሕመምተኛዋ ጥቅም የሚሰጥ መስሎ መታየቱ ነው። ምግብን መገደብ ጭንቀትን ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ሌላው ሁሉ ከቁጥጥር ውጭ በሆነበት ኑሮ ውስጥ «ይህን እንኳ እችላለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል። አብዛኛው በሽተኛ በሽታውን ይጠላል፤ የዚህ ሕመም ታካሚ ግን ከበሽታዋ ጋር ወዳጅነት አላት። ይህን ያልተረዳ ባለሙያ ከታካሚዋ ጋር ጦርነት ይገጥማል።

ሦስተኛው ልማድ ነው። መጀመሪያ ላይ በውሳኔ የተደረገው ነገር ለዓመታት ሲደጋገም ውሳኔ መሆኑ ይቀራል። ታካሚዋ ዳቦውን የምትገፋው አስባበት ሳይሆን እጇ ስለለመደ ነው። አራተኛው ደግሞ ማንነት ነው። ከ16 ዓመት ጀምሮ የታመመ ሰው ያለ ሕመሙ ራሱን አያውቀውም። እኩዮቹ ሲማሩ፣ ሲሠሩ፣ ሲወልዱ እርሱ ይራብ ነበር። መዳን ማለት የባከኑትን ዓመታት ቁጭ ብሎ መቁጠር ማለት በመሆኑ ያስፈራል። ከእነዚህ በተጨማሪ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት መኖሩ ተረጋግጧል። ወደ 17,000 የሚጠጉ ታካሚዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ የዘረመል ጥናት ከአእምሮም ከሰውነት የምግብ አጠቃቀምም ጋር የተያያዙ ምልክቶችን አግኝቷል። ስለዚህ ሕመሙ የቅብጠት ወይም የፋሽን ጉዳይ አይደለም።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ተስፋን በተመለከተ እጅግ ጠቃሚው ማስረጃ የተገኘው በቦስተን ከተማ ከተደረገ የረጅም ጊዜ ክትትል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት፣ አኖሬክሲያ ከነበረባቸው ሴቶች መካከል በዘጠነኛው ዓመት ድነው የተገኙት ከመቶ 31 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ22ኛው ዓመት ግን ቁጥሩ ወደ 63 ከመቶ ከፍ ብሏል። በሌላ አነጋገር፣ በዘጠነኛው ዓመት ላይ «አልዳኑም» ከተባሉት ግማሽ ያህሉ በኋላ ድነዋል። ይህን ጥናት የሚያውቅ ባለሙያ ዐሥር ዓመት የታመመችን ሴት «አበቃላት» ለማለት አይደፍርም።

ሕክምናውን በተመለከተ ደግሞ ሁለት ጥናቶችን እንጥቀስ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2005 በኒውዚላንድ 56 ሴቶች በዕጣ ተመድበው የተሳተፉበት ነው። ሦስት ሕክምናዎች ተነጻጽረዋል፤ እነርሱም አስተሳሰብንና ጠባይን የሚለውጥ ሕክምና፣ በሰዎች ግንኙነት ላይ የሚያተኩር ሕክምና እና ለማነጻጸሪያነት የታሰበ ቀላል የድጋፍና የክትትል ሕክምና ናቸው። ተመራማሪዎቹን ባስገረመ ሁኔታ በሕክምናው ማብቂያ ላይ የተሻለ ውጤት የተገኘው በሦስተኛው ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን በሦስቱ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል።

ሁለተኛው በሲድኒና በለንደን የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ነው። ቢያንስ ሰባት ዓመት የታመሙ 63 ታካሚዎች በስምንት ወራት ውስጥ 30 ጊዜ በተመላላሽነት ታክመዋል። ግማሾቹ ለጸና ሕመም እንዲስማማ የተለወጠውን የአስተሳሰብና የጠባይ ሕክምና፣ ግማሾቹ ደግሞ የድጋፍና የክትትል ሕክምናውን አግኝተዋል። ክብደት መጨመር ዋነኛ ግብ አልነበረም፤ ዋናው ግብ የኑሮን ጥራት ማሻሻል ነበር። ውጤቱ ሁለት ነገሮችን አሳየ። አንደኛ፣ በዚህ ሕመም ብዙ ሰው ሕክምና የሚያቋርጥ ሲሆን እዚህ ግን ከመቶ 85 ያህሉ እስከ መጨረሻው ቆይተዋል። ሁለተኛ፣ በሁለቱም ቡድኖች መሻሻል ታይቷል፤ በቀጣዩ ክትትልም የመጀመሪያው ሕክምና በማኅበራዊ ኑሮና ለመዳን በመዘጋጀት ረገድ በመጠኑ በልጦ ተገኝቷል። «መታከም አይፈልጉም» የተባሉት ሰዎች፣ የሚፈልጉት ነገር ሲቀርብላቸው መጥተዋል ማለት ነው።

የሕክምናው ዓላማ

ለአዲስ ታካሚ የሕክምናው ግብ ግልጽ ነው፤ ክብደትን መመለስና ሙሉ በሙሉ መዳን። ለጸና ሕመም ግን ይህ ግብ ብቻውን ሲቀርብ ታካሚዋን ያስበረግጋል። ከአራት ጊዜ ውድቀት በኋላ አምስተኛውን ፈተና እንድትቀመጥ እንደ መጠየቅ ይቆጠራል። በመሆኑም የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመከራል። በመጀመሪያ ሕይወትን ማቆየትና የአካል ጉዳትን መቀነስ፤ ቀጥሎ ታካሚዋ ራሷ የምትመኘውን የኑሮ ለውጥ ማሳካት፤ ከዚያም ያ ለውጥ የሚጠይቀውን ያህል አመጋገብን ማሻሻል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግቡን ማለዘብ ማለት ተስፋ መቁረጥ ወይም ሕመሙን አጽድቆ መቀበል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 አንዳንድ ሐኪሞች ለጥቂት ታካሚዎች «ወደ ሞት የደረሰ አኖሬክሲያ» የሚል ስያሜ ሐሳብ ማቅረባቸው ብርቱ ተቃውሞ አስነስቷል። ተቃዋሚዎቹ ከሚያነሷቸው ነጥቦች አንዱ፣ ማን እንደሚድንና ማን እንደማይድን አስቀድሞ በእርግጠኝነት መናገር የሚያስችል መለኪያ አለመኖሩ ነው። የመዳን በር ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ፣ ታካሚዋ በራሷ ፍጥነት ወደ በሩ እንድትጠጋ መርዳት የተሻለው መንገድ ነው።

ዋና ዋናዎቹ የሕክምና ዓይነቶች

የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ አኖሬክሲያ ላለባቸው አዋቂዎች ሦስት ሕክምናዎችን በቀዳሚነት አቅርቧል።

1. አስተሳሰብንና ጠባይን የሚለውጥ ሕክምና፦ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ፌርበርንና ባልደረቦቹ ያዳበሩት ነው። ክብደታቸው ለወረደ ሰዎች እስከ 40 የሚደርሱ ቀጠሮዎች አሉት። መነሻው ለራስ የሚሰጥ ግምት ሙሉ በሙሉ በክብደትና በሰውነት ቅርጽ ላይ መመሥረቱ ነው። ታካሚዋ የምትበላውንና በዚያን ጊዜ የተሰማትን ስሜት በዚያው ሰዓት በማስታወሻ ትመዘግባለች፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ከባለሙያው ጋር ትመዘናለች፤ በቀን ሦስት ጊዜ ዋና ምግብና ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መክሰስ፣ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባልበለጠ ልዩነት እንድትበላ ትደገፋለች።

2. የሞድስሊ የአዋቂዎች ሕክምና፦ በለንደን በጃኔት ትሬዠርና በኡልሪከ ሽሚት የተዘጋጀ ነው። ትኩረቱ ሕመሙን በሚያቆዩ አራት ነገሮች ላይ ነው፤ እነርሱም ግትርና ጥቃቅን ነገር ላይ የሚያተኩር አስተሳሰብ፣ ስሜትን መሸሽ፣ ሕመሙ ይጠቅመኛል የሚል እምነት እና የቅርብ ሰዎች ሳያውቁ ለሕመሙ የሚሰጡት ድጋፍ ናቸው። ታካሚዎች ለሕመማቸው ሁለት ደብዳቤ እንዲጽፉ ይጠየቃሉ፤ አንዱ ሕመሙን እንደ ወዳጅ፣ ሌላው እንደ ጠላት በመቁጠር። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ያልተነገረ ፍርሃትን ያወጣል።

3. የድጋፍና የክትትል ሕክምና፦ ከላይ በሁለቱ ጥናቶች የተጠቀሰው ነው። በመደበኛ ክሊኒክ እንዲሰጥ ታስቦ የተዘጋጀ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቀጠሮ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ስለ ክብደት፣ ስለ ምግብና ስለ ምልክቶች ይነጋገራሉ፤ በሁለተኛው ክፍል ታካሚዋ ማንሳት የምትፈልገውን የኑሮ ጉዳይ ታነሳለች። ውስብስብ የሥነ ልቦና ዘዴ ስለማይጠይቅ ልዩ ባለሙያ በሌለበት አካባቢ በጥሞና ማዳመጥ ለሚችል ነርስ ወይም ጤና መኮንን የሚቀርበው ይህ ነው።

ከእነዚህ ጎን ለጎን በኪንግስ ኮሌጅ ለንደን የዳበረው የአስተሳሰብ ተጣጣፊነት ልምምድ ይገኛል። ስለ ምግብ ሳያነሣ፣ በጨዋታ መሰል ሥራዎች አማካይነት ከአንድ አስተሳሰብ ወደ ሌላ መሸጋገርንና ከዝርዝር ይልቅ ሙሉውን ሥዕል ማየትን ያለማምዳል። ስለ ምግብ ለመናገር ገና ዝግጁ ላልሆነች ታካሚ ጥሩ መግቢያ ነው። በወላጆች መሪነት የሚሰጠው የቤተሰብ ሕክምና ደግሞ ለታዳጊዎችና ሕመማቸው አጭር ጊዜ ለሆነው የመጀመሪያ ምርጫ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ የታመሙ አዋቂዎች ላይ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው።

ሕመሙ ቡሊሚያ ወይም ከልክ በላይ መብላት ሲሆን አስተሳሰብንና ጠባይን የሚለውጠው ሕክምና የበለጠ የተረጋገጠ ውጤት አለው። በመጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ ባለሙያ በአጭር ቀጠሮ እየደገፈው የሚካሄድ ራስን የመርዳት ሕክምናም ይመከራል። ሕመሙ የቆየ መሆኑ ብቻ ይህን ሕክምና ላለመጀመር ምክንያት አይሆንም።

የሕክምናው አካሄድ በተግባር

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የመጀመሪያው ቀጠሮ የሚጠፋው ስለ ክብደት በመከራከር መሆን የለበትም። ታካሚዋ የመጣችው ስለ እንቅልፍ ከሆነ ከዚያው ይጀመራል፤ ረሃብ እንቅልፍን እንደሚነሳ ማስረዳቱ ወደ ዋናው ጉዳይ የሚወስድ ሰላማዊ መንገድ ነው። ቀጥሎም እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ይቀርባሉ፦ «ይህ ሁኔታ ምን ያህል ጊዜ አብሮዎት ኖሯል? ምን ይረዳዎታል? ምንስ ወሰደብዎት? ከሕመሙ ቀጥሎ በሕይወትዎ ውስጥ የቀረ የሚወዱት ነገር ምንድን ነው?» ከዚህ ቀደም ስለወሰደችው ሕክምና ሲጠየቅም «ለምን አልሠራም?» ሳይሆን «ከዚያ ሕክምና ምን ጠቀመዎት? ምንስ ጎዳዎት?» ማለት ይሻላል። ያለፈው ሕክምና በግዳጅና በውርደት የተሞላ ከነበረ ያንን ማዳመጥ ራሱ የሕክምናው አካል ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ የኑሮ ግብ ይመረጣል። ለምሳሌ ታካሚዋ «የወንድሜ ሠርግ ላይ መገኘት እፈልጋለሁ» ብትል፣ ግቡ የሚከፈለው በትንንሽ እርምጃዎች ነው። በመጀመሪያ ሳምንት ከእናቷ ጋር ቡና መጠጣት፤ ቀጥሎ ከቡናው ጋር ቁራሽ ዳቦ መብላት፤ ከዚያ ከአንዲት ጎረቤት ጋር እንዲሁ ማድረግ። ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት «ምን ይፈጠራል ብለው ይፈራሉ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከእርምጃው በኋላ ደግሞ የተፈራው መድረስ አለመድረሱ አብሮ ይታያል። በዚህ መንገድ ምግቡ በራሱ ግብ መሆኑ ቀርቶ ለሚወደድ ነገር መዳረሻ ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ለሃያ ዓመት የተተከለ ልማድ በሃያ ሳምንት እንዲነቀል መጠበቅ አይገባም። አንድ ሳምንት ወደ ኋላ መመለሱም ውድቀት ሳይሆን ስለ ሕመሙ አካሄድ የሚያስተምር መረጃ ተደርጎ ይወሰዳል።

የአካል ደህንነት

የሥነ ልቦና ሕክምናው የሚካሄደው አካላዊ ክትትሉ ሲጠበቅ ብቻ ነው። ይህ ለድርድር የማይቀርብ መሆኑ ከመጀመሪያው በግልጽ ይነገራል፤ ታካሚዋ ሆስፒታል የምትገባበት ሁኔታም በደህናው ቀን አብሮ ይጻፋል። በየጊዜው መታየት ያለባቸው ክብደት፣ ተኝታና ቆማ የሚለካ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የሰውነት ሙቀት፣ ከቁጢጥ ያለ እጅ ድጋፍ መነሳት መቻሏ፣ በደም ውስጥ የፖታሲየም፣ የፎስፌትና የስኳር መጠን፣ እንዲሁም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ናቸው። በየደቂቃው ከ40 በታች የሆነ የልብ ምት፣ ራስን መሳት፣ በእጅጉ የወረደ ፖታሲየም፣ በፍጥነት የሚቀንስ ክብደት፣ ከ13 በታች የሆነ የክብደትና የቁመት ንጽጽር እና ራስን የማጥፋት ሐሳብ አስቸኳይ እርምጃ ይጠይቃሉ። ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው ሰውነቱ ስለለመደው ከባድ አደጋ ላይ ሆኖ ደህና መስሎ ሊታይ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ምግብ ሲጀመር የሚከተለውን አደጋ የሀገራችን ባለሙያዎች ከከፍተኛ የምግብ እጥረት ሕክምና ያውቁታል። ለሕፃናት በኤፍ-75 በጥንቃቄ የሚጀመርበት ምክንያት እዚህም ይሠራል፤ ረሃብ የለመደ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ ፎስፌት ይወርዳል፣ ልብም ሊደክም ይችላል። በመሆኑም ታያሚን ከምግቡ ቀድሞ ይሰጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም የደም ምርመራ ይደጋገማል።

መድኃኒት ብቻውን ለአኖሬክሲያ ሕክምና ሆኖ አይሰጥም። በ152 ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ኦላንዛፒን ክብደትን በመጠኑ እንደሚጨምር፣ የሥነ ልቦና ምልክቶቹን ግን እንደማይለውጥ አሳይቷል። ለቡሊሚያ በቀን 60 ሚሊግራም ፍሉኦክሰቲን ይረዳል። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታን ሊያስነሳ ስለሚችል በአኖሬክሲያም በቡሊሚያም ሊሰጥ አይገባም።

የቤተሰብ ድርሻ

ለዓመታት የታመመ ሰው ያለበት ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይሆናል፤ ወይ በቁጣና በልመና ሲያስገድድ ይኖራል፣ ወይም ጠብን ለመሸሽ ቤቱን በሙሉ ለሕመሙ ሥርዓት ያስገዛል። ሁለቱም ሕመሙን ያቆያሉ። ለቤተሰብ የሚሰጠው ምክር ሕመሙን ከሰውዬዋ መለየት፣ በማዕድ ላይ ስለ ክብደትና ስለ መልክ አለማውራት፣ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» የሚለው የቅንነት ቃል እንኳ ለዚህች ታካሚ እንደ ስድብ ሊሰማት እንደሚችል ማወቅ እና ከምግብ ውጭ ያለ ግንኙነትን ማደስ ነው። አስታማሚዎችም ራሳቸው ደክመዋልና ሊጠየቁና ሊደገፉ ይገባል።

ከሀገራችን ሁኔታ አንጻር

በመጀመሪያ፣ ክብደት የቀነሰ ሰው ሁሉ አኖሬክሲያ አለበት ማለት አይደለም። ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ የስኳር በሽታ፣ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ የሆድ ዕቃ ሕመምና ድባቴ አስቀድመው መመርመር አለባቸው። በአንጻሩ እነዚህ ሁሉ ተመርምረው ካልተገኙ «ምንም የለብሽም» ብሎ መሸኘት ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፣ ጾም በሕዝባችን ዘንድ የከበረ ሥርዓት ነው፤ ሕመምም አይደለም። ይሁን እንጂ ለጥቂት ሰዎች ሕመሙ በጾም ስም ሊሸፈን ይችላል። መለያው ሰውየው ጾሙ ሲፈታ መብላት መቻሉ፣ ከማኅበረሰቡ ጋር መጾሙና መፈሰኩ፣ እንዲሁም ከጾሙ በስተጀርባ የክብደት ፍርሃት መኖር አለመኖሩ ነው። ይህ የመጨረሻው መለያ ግን ብቻውን በቂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ የጋና ጥናት ክብደታቸው በራስ መራብ የወረደ 10 ሴት ተማሪዎች መራባቸውን የገለጹት በክብደት ፍርሃት ሳይሆን በሃይማኖትና ራስን በመግዛት ቋንቋ ነበር። ታማሚ ከጾም ነጻ እንደሚሆን ሁሉም የሃይማኖት አባቶች ያውቃሉ። በታካሚዋ ፈቃድ የንስሐ አባቷን ወይም የሃይማኖት መሪዋን ማማከር አንድ ሐኪም ብቻውን ማንሳት ያልቻለውን ሸክም ሊያነሳ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በውጭ ሀገር ያደጉ ወይም ኖረው የተመለሱ ወገኖች ሕክምናቸውን በሀገር ቤት መቀጠል ሊሹ ይችላሉ። ልዩ ማዕከል ባይኖርም የሳምንት ቀጠሮ፣ አካላዊ ክትትልና በጽሑፍ የሰፈረ ስምምነት በየትኛውም ሆስፒታል ሊሟሉ የሚችሉ ናቸው።

የባለሙያው ስሜት

ይህን ሕክምና የሚሰጥ ሰው ቁጣ፣ መሰልቸትና አቅም ማጣት ይሰማዋል። ይህ የድክመት ምልክት ሳይሆን ታካሚዋ ራሷ የምትኖርበት ስሜት ቅንጣት ነው። ስሜቱ ሳይነገር ሲቀር ግን «እርሷ ራሷ የመረጠችው ነው» በሚል ፍርድ ወይም በማስፈራራት ይገለጣል። ስለሆነም በተቻለ መጠን ከባልደረባ ጋር በየጊዜው መመካከር፣ የአካል ክትትሉንና የንግግር ሕክምናውን ሁለት ሰዎች ተከፋፍለው መያዝ ይመከራል።

ማጠቃለያ

ለረጅም ዓመታት የቆየ የአመጋገብ መታወክ አስቸጋሪ እንጂ የማይታከም ሕመም አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያልዳኑ ብዙ ሴቶች በሃያ ሁለተኛው ዓመት ድነው ተገኝተዋል። ለባለሙያው የሚቀርበው ጥሪም ሦስት ነገሮችን ያካትታል። የታካሚዋን ሕይወት በአካል ክትትል ማቆየት፣ እርሷ የምትመኘውን ኑሮ የሕክምናው መነሻ ማድረግ፣ በየሳምንቱም በተቀጠረበት ሰዓት መገኘት። በምሳሌያችን ያየናት ሴት በመጀመሪያው ዓመት ክብደቷ ብዙ ላይጨምር ይችላል። ነገር ግን ፖታሲየሟ ተስተካክሎ፣ እንቅልፏ ተመልሶ፣ በወንድሟ ሠርግ ላይ ተገኝታ ከዘመዶቿ ጋር አንድ ጉርሻ ከተቀበለች ሕክምናው ሠርቷል። የሚቀጥለው ዓመት ሥራም ከዚያ ላይ ይጀመራል።